የሠላሳ ስምንት ቀን ናይትሮጅን

እህቴ ስለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ለጻፈችው መልስ ዘጠኝ መቶ ሰው ሲያጨበጭብላት፣ እኔ የዚያኑ ናይትሮጅን ታንክ ክዳን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ስልኬን መዝገቡ ላይ አስደግፌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ ታንኩ ላይ አወረድኩት። ታንክ መልስ አይሰጥም፤ ከሰው ይልቅ ከታንክ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተስማምቼ የኖርኩትም ለዚህ ነው።

የምሠራው ከብት ማዳቀያ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የናይትሮጅን ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይባል እንጂ ከእኔ በታች ማንም የለም። የምርጥ ኮርማዎች ዘር ከክብሪት እንጨት እምብዛም በማትወፍር ቱቦ ይታሸግና ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል። እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ኮርማው ከሞተ በኋላ እንኳ ዘሩ ለዓመታት ይቆያል። ናይትሮጅኑ ካለቀ ግን ዘሩ ይሞታል፤ ቱቦዋ ያው ቱቦ ናት፣ ውስጧ ያለው መሞቱን በዓይን አይታችሁ አታውቁም። የእኔ ሥራ እንዳያልቅ መጠበቅ ነው። በየጠዋቱ አንድ ጥቁር ዘንግ ታንኩ ውስጥ እስከ ታች እሰዳለሁ፣ ጥቂት ቆይቼ አወጣዋለሁ፣ አየር ላይ አወዛውዘዋለሁ። ፈሳሹ የነካው የዘንጉ ክፍል ነጭ አመዳይ ይለብሳል። አመዳዩ የደረሰበትን በማስመሪያ ለክቼ እጽፋለሁ፤ ቀን፣ ሴንቲሜትር፣ ፊርማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ስድስት ወፋፍራም መዝገብ፤ ከእኔ በቀር ገልጦ ያየው ሰው የለም።

እህቴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምትሠራው። በሰባት ዓመት እበልጣታለሁ፤ በሌላው ሁሉ ግን እሷ ትበልጠኛለች። ይህን የምትለው እሷ አይደለችም፣ እናታችን ናት፤ ያውም እኔው ፊት። ቤት ውስጥ የእሷ ስም «ሊቋ» ነው፣ የእኔ ደግሞ «በረዶዋ»። ከሥራዬ የወጣ ስም ነው ይሉኛል፤ ከጠባዬ የወጣ መሆኑን መች አጣሁት።

ሊቋ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ አመል አላት። የሰማችውን ነገር ከማን እንደሰማችው ሳትናገር አታልፍም። «እማዬ፣ ስኳሩ ላይ ውሃ ጠብ ካደረጉበት ማጉደላችን አይታወቅም፤ እትዬ ናት የነገረችኝ።» «እማዬ፣ አክስታችን የሚመጡት ምሳ ሰዓት ጠብቀው ነው፤ እትዬ ናት የነገረችኝ።» እሷ እኔን ማመስገኗ ነበር፤ ቁንጥጫው የሚያርፈው ግን የእኔ ጭን ላይ ነው። ስንት ዘመን አልፎ ዛሬም «እትዬ ናት የነገረችኝ» ስትል ጭኔን ያመኛል።

ስልክ ላይ «ጠይቁ» የሚባል ቡድን አለ፤ አርባ ሺህ አባል አለው። አንዱ ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። ደንቡ አንድ ነው፤ መልስ የሰጠ ሰው ያገኘበትን ምንጭ ከሥሩ ይጽፋል። ያልጻፈ መልሱ ይነሳል። የሚያነሳው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁላችንም «ዘበኛው» እንለዋለን። እህቴ እዚያ ቡድን ውስጥ ከስሟ ጎን ቢጫ ኮከብ አላት። «የታመነ መላሽ» ማለት ነው። እናቴ ኮከቧን ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች፤ መነጽሯን ለረሳ ሰው ስልኩን ዓይኑ ሥር ታስጠጋለታለች።

እኔም በድብቅ ገባሁ፣ ስሜን ሳልጽፍ። ወራት ሙሉ ከዳር ሆኜ ሳይ ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን አንድ ሰው «ፈሳሽ ናይትሮጅን ምንድነው? ሲቀዳ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከአርባ ሺህ ሰው መሃል ይሄ ጥያቄ ለእኔ ብቻ የተላከ መሰለኝ። ምሳዬን ትቼ በሁለት አውራ ጣቴ ጻፍኩ።

የምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚጠጋው ናይትሮጅን ነው አልኩ። አየሩን ጨምቀውና አቀዝቅዘው ይለዩትና ፈሳሽ ያደርጉታል፤ ሲያዩት ውሃ ይመስላል፣ ግን ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዎ፣ ይፈላል፤ ለእኛ ብርድ የሆነው ክፍል ለእሱ እሳት ነው። ነጩ ነገር መርዝ አይደለም፣ ጭስም አይደለም፤ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቅዞ ነው። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲተን ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ክዳኑንም ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት፣ መተንፈሻ ካጣ ይፈነዳል። ይህን ሁሉ ጻፍኩና ላክሁ።

በአራት ደቂቃ ውስጥ ተነሳ። «መልሱ ምንጭ ስለሌለው ተነስቷል። የቡድኑን ደንብ ያንብቡ» ይላል። ምንጭ! እጄ ላይ የናይትሮጅን ጠባሳ አለ፣ ሦስት ቦታ። እሱን ከየትኛው መጽሐፍ ገልብጬው ነው?

በማግስቱ ነው የሊቋ መልስ የወጣው። ነጥብ በነጥብ እኔ ያልኩት ነው። ጭሱ ጭስ እንዳልሆነ፣ ኦክስጅኑን እንደሚገፋ፣ ክዳኑ እንደማይጠረቀም። ልዩነቱ ከሥሩ አራት ምንጭ መደርደሯ ብቻ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ የደኅንነት መመሪያ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ገጽ፤ የገጽ ቁጥር ሳይቀር። የተነሳው መልስ የእኔ መሆኑን አታውቅም፤ ጭራሽ አላየችውም። ይህንን አውቃለሁ። ብታየው ኖሮ «ምንጭ፦ ትናንት የተነሳው መልስ» ብላ ትጽፍ እንደነበርም አውቃለሁ። ቢሆንም አንጀቴ አረረ። እሷ በሕይወቷ ከማቀዝቀዣ በረዶ በቀር የቀዘቀዘ ነገር ነክታ አታውቅም! ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም፤ በገዛ ታናሽ እህቴ ዓይኔ ደም እስኪለብስ ቀናሁ።

ከመልሷ ሥር አንድ ሰው ሌላ ጥያቄ አስከተለ። «ሦስት ሊትር የምትይዘው ትንሿ ታንክ ሳትሞላ ስንት ቀን ትቆያለች?» ሊቋ «የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እመለሳለሁ» ብላ መለሰችለት።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደብተሯን ይዛ ጣቢያው መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መጥታ አታውቅም።

«እትዬ፣ እዚህ ነው እንዴ የምትውዪው? ኧረ ይበርዳል!»

«ለዚህ ነው በረዶዋ የምትሉኝ» አልኳት።

ሳቀች። ዘንጉን ስሰድ፣ ሳወዛውዝ፣ አመዳዩ ሲወጣ አፏን ከፍታ አየች። «ድገሚው፣ ድገሚው እስቲ» አለችኝ፤ ደገምኩላት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱንም አልክድም። ደብተሯን ከፍታ ስትጽፍ ግን ደስታዬ በአንዴ ጠፋ። ይሄ ሁሉ ነገ የእሷ ሊሆን ነው አልኩ። ዘንጉም፣ አመዳዩም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱም በእሷ ኮከብ ሥር ሊገባ ነው።

«የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው» አለች። «ትንሿ ታንክ ስንት ቀን ነው የምትቆየው? ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ የየራሱን ቁጥር ነው የሚለው።»

ሃያ ቀን ነው። የእኛ ጣቢያ ትንንሾቹ ታንኮች ከሃያ ቀን በላይ አይሄዱም። አፌ ግን ሌላ ነገር አለ።

«ሠላሳ ስምንት ቀን።»

ሳላስበው አመለጠኝ ብል ውሸት ነው፤ አስቤበት ነው። ስሌቴ እንዲህ ነበር። ዘበኛው መጽሐፍ ነው የሚወደው፤ እሷም ይሄን ቁጥር ከአንዱ መጽሐፍ ሥር ትሸጉጠዋለች። ሠላሳ ስምንት የሚል መጽሐፍ ግን የለም። ያኔ እኔ በአርባ ሺህ ሰው ፊት ብቅ እልና «ገጹን ንገሪን እስቲ» እላታለሁ። ኮከቧ ትረግፋለች። ታንኩም ባዶ ሆኖ ስለሚቀርበት ሰው ትዝ ያለኝ ነገር አልነበረም። ቅናት ላይ ያለ ሰው ከሁለት ሰው በላይ አይታየውም።

«ሠላሳ ስምንት» ብላ ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች። እንዴት አወቅሽ አላለችኝም። ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት መልሷ ወጣ። ሻዬን ይዤ ከፈትኩት። «ትንሿ ታንክ ሳትሞላ ሠላሳ ስምንት ቀን ትቆያለች» ይላል። ከሥሩ መጽሐፍ የለም። «ምንጭ፦ ታላቅ እህቴ፣ የናይትሮጅን ክፍል ኃላፊ፣ በሥራው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በቃል የነገረችኝ። ጽሑፎቹ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ የእሷን ይዣለሁ።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ዘበኛውም አላነሳውም፤ እንዲያውም «አርአያ የሚሆን የምንጭ አጻጻፍ» ብሎ አድንቆላታል። የእኔ ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ በአራት ደቂቃ ይጣላል፣ በእሷ ብዕር ሲያልፍ አርአያ ይሆናል! እውነቱ ተጥሎ ውሸቱ ሲወደስ እያየሁ እንኳ መጀመሪያ የተሰማኝ ያው ቅናት ነው።

ከዚያ አስተያየቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። «እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ይብዙልን» ይላል አንዱ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ክብር ይገባታል» ይላል ሌላው። እናቴም ደወለች። «በረዶዬ፣ ስምሽ ወጣ አሉ እኮ» አለችኝ። በረዶዬ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያወጣሁ አነበብኩ። ቁጥሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ወደ ታች አወርደውና ምስጋናው ላይ እቆማለሁ። አንድ ቀን ብቻ ልመስገን፣ ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ማክሰኞ ጠዋት ጠያቂው ሰውዬ ራሱ ጽፎ አገኘሁ። «እኔ የገጠር አዳቃይ ነኝ። ታንኬን ከሞላሁ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ልሞላ ዛሬ መንገድ ልወጣ ነበር፤ እናንተ ካላችሁ እንግዲህ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ። ውስጡ ያለው ባለፈው ዓመት የሞተው የኮርማችን ዘር ነው፤ ሌላ የለንም። እህትሽን አመስግኚልን።»

ቀልቤ ተገፈፈ። የማላውቀው ሰውዬ ታንክ ታች ያለው አመዳይ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ሁለት ጣት፣ ነገ አንድ ጣት፣ ከነገ ወዲያ ደረቅ ዘንግ። ቶሎ ብዬ ጻፍኩ። «ሠላሳ ስምንት ስህተት ነው! ሃያ ቀን ነው! ወንድሜ፣ አሁኑኑ ሂድ!»

በሁለት ደቂቃ ተነሳ። «ምንጭ የለውም።» እንደገና ጻፍኩ። «ምንጭ የሌለው መልስ በተደጋጋሚ ስለላኩ ለአንድ ቀን ታግደዋል።»

ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ለእህቴ ደወልኩ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስልክ ድምፁ ይጠፋል፤ አታነሳም። ስድስት ጊዜ ደወልኩ። በሰባተኛው ከኮሪደር ሆና በሹክሹክታ አነሳች።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ቁጥሩ ሃያ ነው፤ ሠላሳ ስምንት አይደለም። አሁኑኑ አስተካክዪው፣ ሰውዬው ታንኩ ሊያልቅበት ነው!»

ለምን እንዴት የለም። «እሺ» ብላ ዘጋችው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ማረሚያው ወጣ፤ የታገደ ሰው መጻፍ እንጂ ማንበብ አይከለከልም። «ትክክለኛው ሃያ ቀን ነው። ወንድማችን፣ እባክህ ዛሬውኑ ሙላ። ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ስጽፍ ተሳስቼ ነው። እህቴ በሥራዋ እንዲህ ያለ ስህተት አትሠራም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» አዳቃዩ ወዲያው መለሰ፤ «መኪና ላይ ነኝ፣ እየሄድኩ ነው።»

እፎይ አልኩ፣ ወንበሬ ላይ ዝርግት ብዬ። ከዚያ ውርጅብኙ መጣ። «ሊቅ ነን ባዮች!» «ሰው ንብረቱን ሊያጣ ነበር እኮ!» «ኮከቡን ለማን እንደምትሰጡ አስተውሉ!» ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከስሟ ጎን ኮከቡ ጠፋ። ዘበኛው ወሰደው።

ያሰብኩት ሁሉ ሆነልኝ። እሷ ወደቀች፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማትሳሳተዋ ባለሙያ ሆንኩ፤ ያውም በእሷው ምስክርነት። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በጣም ደስ አለኝ። ቀሪውን ቀን ግን ዘንጉን ሰድጄ ሳወጣ ሴንቲሜትሩ እየጠፋኝ አንዱን ታንክ ሦስት ጊዜ ለካሁት።

ረቡዕ ጠዋት ሊቋ ራሷ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። ደብተሯን ታንኩ ክዳን ላይ ዘረጋችው።

«እይ እስቲ» አለችኝ። «ሠላሳ ስምንት ብዬ ነው የጻፍኩት። ሃያን እንዴት ሠላሳ ስምንት ብዬ እጽፋለሁ? ምን ነካኝ እትዬ? ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ያ ሰውዬ ዘሩ ቢሞትበት ኖሮስ?»

«ታዲያ አለፈ አይደል» አልኩ።

«አላለፈም። እንግዲህ መልስ መጻፍ አቆማለሁ። የሰማሁትን በትክክል መጻፍ ካልቻልኩ ምኑን አወቅሁት?»

ገጹን አየሁት። ቅዳሜ የጻፈችው ነው። ዘንጉ፣ አመዳዩ፣ ማስመሪያው። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ በትንሿ ጽሕፈት «እትዬ» ይላል። ሃያ ሁለት መስመር፣ ሃያ ሁለት እትዬ። አንዷን እንኳ ለራሷ አላስቀረችም። ጭኔን አመመኝ።

ስልኬን አወጣሁ። እገዳው ተነስቷል። ስሜን ሙሉውን አስገባሁና ጻፍኩ። «ታላቅ እህቷ እኔ ነኝ። አልተሳሳተችም። ሠላሳ ስምንት ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሃያ መሆኑን እያወቅሁ፣ ቀንቼባት፣ በሰው ፊት እንድታፍር ብዬ ነው የዋሸኋት። አዳቃዩ ወንድሜ ይቅር በለኝ። ኮከቡን መልሱላት።» ዘበኛው ምንጭ እንዳይለኝ ከሥሩ «ምንጭ፦ የዋሸሁት ራሴ» ብዬ ጨመርኩና ላክሁት።

የእሷ ስልክ ኪሷ ውስጥ ጢን አለ። አውጥታ አነበበች። ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለተኛ አነበበችው። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ መሳደብ አታውቅበትም።

«አዳቃዩ ሞላ?» አለች።

«ትናንት ማታ ሞላሁ ብሎ ጽፏል። ዘሩ ተርፏል።»

«ትክክለኛው ሃያ ቀን ነው?»

«ሃያ ነው።»

ደብተሯን አንስታ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች። ሠላሳ ስምንትን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ሃያ ብላ ልትጽፍ ስትል እጇ ቆመ።

«ምንጭ አለሽ?» አለችኝ።

አልቀለደችም። ተንጠራርቼ ከመደርደሪያው ስድስተኛውን መዝገብ አወረድኩ፤ ትንሿ ታንክ ዘር ሳይኖርባት ለሙከራ ተሞልታ እስክታልቅ የለካሁበትን ቦታ ገለጥኩላት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቀን በጣቷ ይዛ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ቆጠረች። ሃያ። ከዚያ «ሃያ ቀን» ብላ ጻፈች፣ ከጎኑም «እትዬ» ብላ ጻፈች፣ ከእትዬ ቀጥሎ ደግሞ የገጹን ቁጥር ጻፈች።